የአንድ ጣት ክፍተት

ያን ቅዳሜ፣ በእናቴ ሳሎን መሀል ቆሜ፣ አንድ ቃል ብቻ ሲበቃ ለምን ዝም አልኩ?

ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ማንም ሊመታኝ አልተነሣም። አልወደውም ነበር እንዳልል፣ ኮቴውን ከሌላ ሰው ኮቴ ለይቼ የማውቅ ሴት ነበርኩ። መልሱን አላገኘሁትም። የሆነውን ግን እንደሆነ ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ከሽታ ነው። ስድስት ዓመት ሩቅ አገር ስለ ጀርም ተምሬ ስመለስ፣ እናቴ በር ላይ አቅፋ ከሳመችኝ በኋላ አንድ እግሬን ሳሎን ሳስገባ፣ አሮጌው የእንጨት ወለል ከሥሬ እፍ አለ። እርጥብ ውሻ ሸተተኝ። ውሻ የለንም።

"ምንድነው የሚሸተው?" አልኳት።

እናቴ ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት ናት። እስከ ዛሬ ሰው የምታናግረው ሰልፍ እንደምታስተካክል ነው። "ቤትሽ ነው። ድሮም እንዲሁ ነበር። አፍንጫሽ ነው ተምሮ የመጣው" አለችኝ።

ሻንጣዬን አልፈታሁትም። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ እንደተቆለፈ ሰቀልኩት። ጠዋት ልቆይ እላለሁ፣ ማታ ልመለስ እላለሁ። እናቴ ሻንጣውን ቀና ብላ ታየዋለች። ስለ ሽታው የተናገርኩት ግን ከውስጧ አልወጣም ኖሮ፣ ወር ሳይሞላ "ወለሉን አስነሥቼ ላሚኔት አስነጥፋለሁ" አለች። ከሕንጻ ተቋራጩ ከአጎቴ ጋር ተማከሩ፤ እሱም አንድ ወለል ሠራተኛ ላከ። ቤታችን ውስጥ "ባለወለሉ" ተባለ፤ እኔም በልቤ ሌላ ስም ሳላወጣለት ቀረሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ካልሲውን ነው። ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ግራጫ ካልሲ፣ ተረከዙ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፋ። ተንበረከከና ወለሉን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ፤ ጆሮውን ሰጠው፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደገመው። ሐኪም ደረት ሲመታ እንደዚያ ነው።

"እትዬ፣ እንጨቱ ደህና ነው። የታመመው ሥሩ ነው። አምስት ጣውላ ቀይሬ፣ ፍቄ፣ ሰም ባጠጣው ከሁላችንም በላይ ይኖራል።"

"አሮጌ አድስልኝ አላልኩህም" አለች እናቴ። "የሚያብለጨልጭ ነው የምፈልገው።"

"የሚያብለጨልጨው እንጨት አይደለም እኮ እትዬ። የእንጨት ፎቶ ነው።"

"ይሁና! የእኔስ ፎቶ ከእኔ አያምርም?"

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ደቂቃም አልሞላ። አፌን በእጄ ሸፈንኩ፣ ምን እንዳሳፈረኝ ግን አላወቅሁም።

ቀለም እንድመርጥ ከእሱ ጋር ወደ ሱቅ የላከችኝ እናቴ ራሷ ናት። ናሙናዎቹ እንደ ከረቫት ግድግዳ ላይ ተሰልፈዋል። ሻጩ ስለ ውፍረትና ስለ ዋስትና ያነበንባል። ባለወለሉ በአንዱ ናሙና ፊት ላይ የውሃ ጠብታ አደረገ፤ ጠብታዋ ተንከባለለች። ሌላ ጠብታ ጠርዙ ላይ አደረገ። ወዲያው ተዋጠች፤ ጠርዙ ዓይናችን እያየ እንደተቀቀለ እህል አበጠ።

"ፊቱ አይጠጣም" አለኝ። "የሚጠጣው በጎኑ ነው።"

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። አንድ ጉጥ፣ ያችው ጅራት ያላት ጥቁር ጉጥ፣ በየአራተኛው ጣውላ ላይ ትመለሳለች። ሐሰት መሆኑ አይደለም ያስጠላኝ። ሰነፍ ሐሰት መሆኑ ነው።

"አራት ሥዕል ብቻ ነው ያላቸው" አለ ወዴት እንደማይ ተከትሎ። "ሳነጥፍ መንትዮቹን አራርቃቸዋለሁ። ሰው ግን ልብ አይለውም።"

"እኔ ልብ አልኩት።"

"እርስዎ እንደሚያዩት ገምቻለሁ።"

ከሱቁ ስንወጣ የትኛውን ቀለም እንደመረጥን አላስታውስም ነበር። ዘወር ብዬ ማየት ነበረብኝ።

አሮጌው ወለል የተነሣ ቀን አስታወክሁ። እንዳላጋንን የነበረውን ብቻ ልዘርዝር። ከልጅነቴ ደብተሮች ወረቀት የተሠራ የአይጥ ጎጆ። ውስጡ ሦስት የደረቁ ግልገሎች። ጎጆውን ያያያዘው የሰው ፀጉር፣ ከፊሉ የእናቴ ከፊሉ የእኔ። የበረሮ እንቁላል ቅርፊት፣ እንደ ባቄላ ገለባ የተከመረ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ፣ የወተት ስልባቦት መስሎ የተኮማተረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻጋታን በአጉሊ መነጽር ዓይቼ ውብ ነው ስል ነበር። በመነጽር ሥር ሽታ የለውም።

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ባለወለሉ ውሃ ይዞልኝ ቆሟል። "አይዞዎት። የሁሉም ሰው ቤት ሥሩ ይኸው ነው። እኛ ብቻ ነን የምናየው።"

ጠርጎ፣ ኖራ ነስንሶ፣ መስኮቶቹን ከፍቶ አሥር ቀን አደረቀው። እነዚያን ቀናት በሩ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኳቸው። እናቴ ለሠራተኛ የምታቀርባት ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ አለች፤ ከንፈሯ የተሸረፈ፣ መስኮት ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ። አንድ ቀን ሆን ብዬ በእኛ ብርጭቆ ሻይ ሰጠሁት። እሱ እየሰማ እናቴ ብርጭቆውን በበረኪና ሁለት ጊዜ አጠበችው።

"ሳሙና ይበቃው ነበር እማዬ።"

"ጀርም የተማርሽው አንቺ፣ ጀርም የምጠነቀቀው እኔ!" አለች፣ ስቃ። ክፋት አልነበረባትም፤ ያ ነው የሚያስጠላው።

በማግስቱ በቀይዋ ኩባያ ከጠጣ በኋላ ተቀብዬው የቀረውን ጠጣሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ የኖራ አቧራ ነበረበት። "አይ አንቺ!" አለኝ። "እርስዎ" ከመካከላችን የወጣችው ያኔ ነው።

የላሚኔቱ ካርቶኖች ሲመጡ ለሁለት ቀን ሳይነኩ ሳሎን ውስጥ መተኛት ነበረባቸው። "ቤቱን ይልመዱት፤ ሙቀቱንም ብርዱንም" አለ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሥራ አልነበረውም። በሁለቱም ቀን መጣ። እናቴ "ዛሬ ምን ልትሠራ ነው?" ስትለው፣ "ካርቶኖቹን ላያቸው ነው እትዬ" አላት፣ ፊቱን ሳያጥፍ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ጨርቅ ነክሼ ሳቅሁ።

ሥራው ተጀመረ። እያንዳንዱን ረድፍ ከግድግዳው የሚያርቅ ትንንሽ ሽብልቅ ይወትፍበታል። በቁራጭ ላሚኔት ጀርባ በእርሳስ ልኬት ይጽፋል፤ ከልኬቱ ሥር ለእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። "ዛሬ ቢጫው ሹራብ ያምርብሻል።" እኔም በሌላ ቁራጭ እመልሳለሁ፦ "ሥራህን ሥራ።" እሱ፦ "እየሠራሁ ነው። ግድግዳው ጠማማ ነው፣ እኔ አይደለሁም።" ቁራጮቹን ትራሴ ሥር አደርጋቸው ነበር። ጠርዛቸው ጉንጬን ይወጋኝ ነበር፤ ያም ደስ ይለኛል። አሁን ሳስበው ዓይኔን ጨፍኜ ማለፍ ያምረኛል።

ሽብልቆቹን ሲነቅል ጠየቅሁት። "ይህ ሁሉ ክፍተት ለምን?"

ጣቱን በወለሉና በግድግዳው መካከል አስገባ። ልክ ገባ። "አንድ ጣት። ሙቀት ሲመጣ ይሰፋል፤ መሄጃ ይፈልጋል። መሄጃ ካሳጣሽው ወደ ላይ ይነሣል። በላዩ ዞኮሎ ስመታበት አይታይም" አለ፣ የግድግዳውን ግርጌ የሚሸፍነውን ቀጭን ጣውላ እያሳየኝ። "ከሥሩ ግን ባዶ ይሁን። ምንም ነገር እንዳይገባበት። ገባሽ?"

"ገብቶኛል።" ገብቶኝ ነበር። ይህን መሸሸግ አልችልም።

ከዚያ ስለ ሕንጻው ነገረኝ። አጎቴ ሠላሳ ቤት ያለው ሕንጻ እየገነባ ነው። "የእህቴ ሳሎን ካማረ የሠላሳውን ወለል ላንተ እሰጣለሁ" ብሎታል። እስከዚያ ድረስ ከአራት ሰዎች ጋር በአንድ ቆርቆሮ ቤት ነበር የሚሠራው። "ያ ሥራ ከተሰጠኝ የራሴን የሥራ ቤት እከፍታለሁ። ከዚያ እናትሽ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። በካልሲ ሳይሆን በጫማ።"

የሳሎኑ መጨረሻ ረድፍ በገባበት ቀን ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን፣ አዲሱ ወለል ላይ ቁጭ ብለን፣ ቀይዋን ኩባያ እየተቀባበልን ሳለ እናቴ ገባች። አልጮኸችም። እናቴ ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል።

"እጅህ ይባረክ፤ ጥሩ ሠርተሃል። ነገ አትምጣ። ዞኮሎውን ወንድሜ ይመታዋል።"

እሱ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ቃል ጠበቀ። እኔ ኩባያዋን አንሥቼ ላጥባት ይዣት ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሳሎን ቆሜ ሳለ ከክፍተቱ በረሮ ወጣች። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ሁለት ጢሟን እያወዛወዘች። ግማሽ አካሏን አወጣችና እኔን አየችኝ። የአይጡ ጎጆ፣ ፀጉሩ፣ ስልባቦቱ ሁሉ በአንዴ ትዝ አለኝ። ግድግዳ ከተጠገነበት የተረፈ ስቱኮ ነበር። በጠበጥኩት። ከጥግ ጀምሬ፣ በጉልበቴ እየተሳብኩ፣ በጣቴ እየጠቀጠቅሁ ዙሪያውን ሞላሁት። ስሞላ የእሱ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። "ስለ ንጽሕና እኔ አይደለሁ የተማርኩት?" ብዬ ለራሴ መለስኩ። እናቴን ነበር የምመስለው።

አጎቴ ዞኮሎውን ሊመታ ሲመጣ አየው። ከንፈሩ ላይ የበላው ጥብስ ቅባት አልደረቀም ነበር። "ጎበዝ ዶክተርዬ! ጉንዳን እንኳ አይገባበት!" አለኝና በቅባታም እጁ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ዶክተር አይደለሁም። ከላዩ ዞኮሎውን መታበት።

ባለወለሉ በስልክ ይጽፍልኝ ነበር። "ወለሉ ደህና ነው?" "ደህና ነው።" "አንቺስ?" "እኔም።"

አምስት ሳምንት ቆይቶ ሙቀቱ ገባ። መጀመሪያ ወለሉ ይንቋቋ ጀመር፣ ጉልበት እንደያዘው ሽማግሌ። ከዚያ የሳሎኑ መሀል አበጠ። ብርድ ልብስ ሥር አንድ ነገር የተኛ ይመስል ነበር፤ ጠዋት ስነሣ ከማታው ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። በእናቴ ሥር ያስተምሩ የነበሩ አስተማሪዎች ሊጠይቋት በመጡ ቀን የሻይ ጠረጴዛው ዘመመና አንድ ብርጭቆ ተንሸራቶ የሒሳቡ አስተማሪ ጭን ላይ ፈሰሰ። እናቴ እንግዶቿን ሸኝታ ስልኳን አነሣች። "ያንን ሰው ቅዳሜ አምጣልኝ" አለችው ለአጎቴ።

መጣ። ጫማውን አወለቀ።

"አታውልቅ! ምን የሚሳሳለት ወለል አለና!" አለችው እናቴ።

አወለቀ።

አጎቴ ሶፋው ላይ ተለጥጦ ብርቱካን ይልጣል። ባለወለሉ እብጠቱ ላይ መዳፉን አሳርፎ ጫን አለው። ወለሉ አቃሰተ። እኔን ገና አላየኝም፤ እኔ ግን አንገቱን፣ ከጆሮው ጀርባ ያለችውን የአቧራ መስመር አያለሁ።

"ውሃ ፈሶበታል እትዬ?"

"ጠብታ አልነካውም! በተጨመቀ ጨርቅ ነው የሚወለወለው፣ ልክ እንዳልከው።"

"እንግዲያው መሄጃ አጥቶ ነው። ዞኮሎውን ላንሣውና ልየው።"

አጎቴ መላጡን አቆመ። "ምን ያስነሣዋል? ሥራህ ተበላሽቷል፣ በቃ።"

"ጋሼ፣ ምክንያቱን ሳላይ ምኑን አስተካክላለሁ?"

"አንሣው፤ ሁላችንም እንየው" አለች እናቴ።

መሮውን ሰደደበት። ዞኮሎው እንደ ጥርስ ተነቀለ። ከሥሩ ስቱኮው ነጭ ድንጋይ ሆኖ ከጥግ እስከ ጥግ ተዘርግቷል። በላዩ የጣት መንገድ ይታያል፣ ቀጭን፣ በየመሀሉ የጥፍር ጭረት ያለበት። ባለወለሉ ዝቅ ብሎ የራሱን ጣት በዚያ መንገድ ላይ አስቀመጠው። አልገባም።

ቀና አለ። ፊቴን አላየም። እጄን አየ። እጄን ቀሚሴ እጥፋት ውስጥ ከተትኩት።

"ማን ነው ይህን የሞላው?" አለች እናቴ።

ወደ አጎቴ ዞርኩ። ጠቀሰኝ። ብርቱካኑን በጉንጩ እንደያዘ፣ ጭማቂው በአገጩ እየወረደ፣ ግራ ዓይኑን ጨፈን አደረገልኝ። ከወለላችን ሥር ብዙ የሚያስጸይፍ ነገር ሲወጣ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጥቅሻ ያለ ግን አላየሁም። "አይዞሽ፣ የእኛ ነሽ" ነበር የሚለው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ልቤ መለስ ማለቱ ነው። እፎይ አልኩ።

"ሰው እያናገርኩ ነው! ማን ሞላው?"

አፌን ከፈትኩ። መክፈቴን እምላለሁ። ምላሴ ላይ "እኔ" የምትለው ቃል ነበረች። ዋጥኳት።

"እኔ ነኝ እትዬ" አለ።

አጎቴ ብርቱካኑን ዋጠ።

"ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ነው የሞላሁት። አጥፍቻለሁ።"

እናቴ ጀመረች። ስለ አደራ፣ ስለ ሐቀኝነት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ተማሪዎቿን ስላስተማረችው ነገር። እሱ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሰማት። አጎቴ ጣቶቹን እየላሰ ተቀበላት፦ "ሠላሳ ቤት እንዲህ ልታደርግልኝ ነበር? ተመስገን ነው! የሕንጻውን ነገር እርሳው። የሚስቴ ወንድም አለ፤ እሱ ይሠራዋል።"

ያኔ ገባኝ። አጎቴ የጠቀሰኝ ለእኔ ብሎ አልነበረም። ዝምታዬን ይፈልገው ነበር፤ ሰጠሁት።

ባለወለሉ ዞኮሎውን ሁሉ አንሥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ስቱኮውን በመሮ ይፈለፍል ጀመር። ሁለት ሰዓት ያህል ፈለፈለ። እነ እናቴ ወደ ጓሮ ሲወጡ ብርጭቆ ውሃ ይዤለት ገባሁ።

"ጠጣ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። አይቸገሩ።"

አይቸገሩ። ጥፊ ቢያቀምሰኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ለምን እንዲህ አደረግህ?"

መሮውን አቆመ። "አፍዎን ሲከፍቱ አየሁ። ጠበቅሁ። በልቤ አሥር ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ብል እጠላዎት ነበር፤ ልጠላዎት አልፈለግሁም።"

"አሁን እነግራቸዋለሁ! አሁኑኑ እጠራቸዋለሁ!"

"ለማን ብለው?" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። "ለእኔ ከሆነ አልፏል። ለራስዎ ከሆነ እኔ እስክወጣ ይጠብቁ።"

ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጨርሶ አቧራውን ጠረገ፤ የእኔን ጥፋት ስባሪ በራሱ ከረጢት ሞልቶ ተሸከመ። ጫማውን አደረገና ወጣ። ኮቴው ከደረጃው በታች እስኪጠፋ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የመጣው ማቅለሽለሽ ከሆዴ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት እብጠቱ ራሱ ዝቅ ብሎ አደረ። ማንም ሳይጫነው። እናቴ ሻይዋን ይዛ በላዩ ስትመላለስ አገኘኋት።

"እማዬ፣ ስቱኮውን የሞላሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ጽሕፈት ያስተማርኩሽ ጣትሽን ይዤ ነው። የጣትሽ መንገድ ይጠፋኛል?" ሻይዋን ፉት አለች።

"እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ የተናገርሽው? ስለ ሐቀኝነት?"

"ታዲያ ልጄን በወለል ሠራተኛ ፊት ላዋርዳት? ራሱ እኔ ነኝ አለ፤ አፉን የያዘው የለም። አንቺም ደግ አደረግሽ። ዝም አይነቅዝም።"

የእኔ ግን ነቅዟል። አራት ሰዎች ነበርን እዚያ ክፍል ውስጥ፤ አራታችንም እውነቱን እናውቅ ነበር። የዋሸው እሱ ብቻ ነው፣ እውነተኛውም እሱ ብቻ። እናቴን አየኋት፤ ፊቷ ላይ ቅንጣት ጭንቀት የለም። የወለሉ ብርሃን ከታች ይመታታል፤ ያማረች ሴት ናት። እኔ ደግሞ ልጇ ነኝ፤ አፍንጫዋ፣ አገጯ፣ ሁሉ ነገሯ አለኝ። ከክፍሉ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ። በበረኪና መታጠብ ሊያምረኝ ምንም አልቀረኝም።

ሰኞ አጎቴ ወደሚገነባው ሕንጻ ሄድኩ። የሕንጻው ባለቤት መድኃኒት ቤት የነበራት አሮጊት ናት፤ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ተቀምጣ ሠራተኛ ትቆጣጠራለች። አጎቴ አጠገቧ ቆሟል። ሁሉንም ነገርኳት። በረሮዋን፣ ስቱኮውን፣ ጥቅሻውን ሳይቀር።

"እትዬ፣ አይስሟት" አለ አጎቴ እየሳቀ። "ከውጭ ከመጣች ጀምሮ ጭንቅላቷ አልተመለሰም። ሻንጣዋ እንኳ አልተፈታም!"

"አንተ ዝም በል" አለችው አሮጊቷ። "ሰው የራሱን ነውር ይዞ ፀሐይ ላይ ሲመጣ እኔ እሰማለሁ።" ወደ እኔ ዞረች። "ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይምጣ። አንድ ክፍል ያንጥፍልኝ። በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ።"

አጎቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አያናግረኝም። እናቴ ምሳ ታቀርብልኛለች፤ አጠገቤ ግን አትቀመጥም።

ያኑ ሰኞ ባለወለሉ ወደሚሠራበት ቆርቆሮ ቤት ሄድኩ። አብሮት የሚሠራ አናጢ አፉ ውስጥ ምስማር እንደያዘ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ወጥቷል" አለ። "የት?" "ሥራ ፍለጋ ነዋ። አገር ሰፊ ነው።" ምስማሩን አልተፋም።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ መልእክት ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ ማልቀሴን፣ አለመተኛቴን፣ ምን ያህል እንደምወደው። አነበብኩት። ከዳር እስከ ዳር እኔ፣ እኔ፣ እኔ ነበር። አስጠላኝና አጠፋሁት። ሁለተኛው "ይቅር በለኝ" ብሎ ይጀምራል፤ እሱም ልመና ነበር፣ የሚሰጥ ነገር አልነበረውም። እሱንም አጠፋሁት። የላክሁት ይህንን ነው፦

"ስቱኮውን የሞላሁት እኔ እንደሆንኩ ለእናቴም ለአጎቴም ለሕንጻው ባለቤትም ተናግሬያለሁ። ባለቤቷ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሕንጻው ጋ ትጠብቅሃለች፤ አንድ ክፍል አንጥፈህ እንድታሳያት። አጎቴ ሊከለክልህ አይችልም። እኔ አልኖርም፤ እንዳታየኝ ብዬ ነው። መሣሪያህን ብቻ ይዘህ ና።"

አልኖርም አልኩ እንጂ ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ ከመንገዱ ማዶ ቆሜያለሁ። ቢጫውን ሹራብ ለብሼ ነበር። መልበሴን ያወቅሁት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ በራሴ ላይ ልተፋ ትንሽ ቀረኝ። አሮጊቷ ጋዜጣዋን አንጥፋ ሦስት ሰዓት ላይ ተቀመጠች። አራት ሰዓት ላይ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ሲሆን ጋዜጣውን አጥፋ ተነሣች፤ አጎቴ የመኪናዋን በር ከፈተላት።

ስልኬን አወጣሁ። ሰኞ ዕለት ከሰዓት፣ በላክሁት በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ አንብቦታል። ከሥሩ ምንም የለም።